አይሱዙ ሲመጣ የምትሮጠው ልጅ

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው። እንጨት ራሴ እፈልጣለሁ። ከቤቴ እስከ መስጊድ ያለውን ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ። ጺሜን ራሴ እከረክማለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፤ ሚስቴ ሀሊማ ከሞተች ወዲህ ቁልፍ ሲበጠስም ራሴ እተክላለሁ። ጥርሴ ገና ሸንኮራ ይልጣል። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ ዛሬም ደጄ ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን ሞተር በጆሮዬ ብቻ ይሄኛው ነዳጅ አይስብም፣ ያኛው ከአቅሙ በላይ ጭኗል እላለሁ። እኔ ሙሜ ሰማሁ ካልኩ መካኒክ አይከራከርም ነበር።

መጻፍ ግን ይከብደኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ቀን መሪ፣ ማታ እርሳስ ይዤ። የምጽፈው ለኢርሻድ የምነግረውን እንዳልረሳ ነው። ኢርሻድ ልጄ ወታደር ነው። ካለበት ሲደውል መስመሩ ጥሩ አይደለም፣ ግማሹ አይደርሰኝም። ሚስቱ ሳጂዳና ልጁ ዩስራ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ሳጂዳ ጠዋት ጠዋት ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ትከፍታለች። ሲሄድ እጄን ስሞ "አባ፣ ሁለቱም አደራዎ ናቸው" አለኝ። ለጦር ክፍሉም የቤቱ ኃላፊ አባቴ ነው ብሏል። አደራ ቀላል ነገር አይደለም።

ዩስራ ሦስት ዓመት ተኩል ሆናት፤ እስካሁን አልተናገረችም። ዛሬ ሰርክአዲስ የምትባል አስተማሪ መጣች። ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች ነው የምታስተምረው። ድምጿ ቀጭን ነው፣ የዘመኑ ሴቶች ሁሉ እንደሚያደርጉት ታልጎመጉማለች። ሁለቴ ሦስቴ አስደገምኳት።

"አባባ ሙሜ፣ ሠራዊቱ የአባላቱን ልጆች ጆሮ የሚመረምር ባለሙያ ይልካል። ሐምሌ መጀመሪያ እዚህ ጭሮ፣ ከዚያ በደሳ፣ መጨረሻ መቻራ። እኔ ደግሞ በመስከረም ለማይሰሙ ሕፃናት ክፍል እከፍታለሁ። ዩስራን ያምጧት።"

"የማትሰማው ማን ናት?" አልኳት።

ሳጂዳ መሬት መሬት አየች። አስተማሪዋ ከእሷ ነው የሰማችው ማለት ነው።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

የጓደኛዬ የበክሪ አይሱዙ ጫት ጭኖ ሲመጣ ዩስራ ከእኔ ቀድማ ወደ በር ሮጠች። መኪናው ገና ከመታጠፊያው አልወጣም። መደርደሪያው ላይ ያለው ስኒ እንኳ ገና መንቀጥቀጥ መጀመሩ ነበር። ሳጂዳን ጠርቼ አሳየኋት። እሷ ስኒውን አየች።

የማይሰማ ልጅ እንዲህ ያደርጋል?

ሰኔ 15፣ እሑድ

በበክሪ መጋዘን ዋልኩ። በክሪ የጫት ነጋዴ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። ልጆቹ ጫቱን በኮባ ቅጠል ሲጠቀልሉ እሱ ይቆጣጠራል፣ እኔ እተቻለሁ።

"ሙሜ፣ ሬዲዮህን ቀንስ አቦ" አለኝ። "እዚያ ሌላ ከተማ፣ አርባ ረከቴ ያለው ሰው እንኳ ዜና የሚሰማው ካንተ ቤት ነው።"

"ሬዲዮው ነው ያረጀው።"

"ሬዲዮው ነው?" ብሎ ወደ ጥቅሉ ዞረ። ልጆቹ ተሳሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው አላወቅኩም።

ስለ ዩስራ ነገርኩት። "የኔ ታናሽ እስከ አምስት ዓመቱ ትንፍሽ አላለም" አለ። "አሁን ዝም በል ቢሉት ገንዘብ ያስከፍላል። ዋዳጃ እናድርግላት። ዱዓ ይደረግላት፤ ምላሷ ይፈታል።"

ሀሊማ ብትኖር ምን ትል ነበር? በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከጎኔ አትለይም ነበር። በቀኜ ትቀመጣለች፣ ትጠጋኛለች፣ ወደ ጆሮዬ ነው የምታወራው። በዚያ ዕድሜ እንዲህ የሚወደድ ባል ብዙ የለም።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ዋዳጃው ሆነ። አልሐምዱሊላህ። ሼኹ ከበደሳ ድረስ መጡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ ጫት ተያዘ፣ ዱዓው ረጅም ነበር። ከበሮው ሲጀመር ዩስራ ከእናቷ ጭን ወርዳ መሐል ገባች። መዳፏን ከበሮው ጎን ላይ ለጠፈች። ፊቷ በራ። ከበሮው ሲቆም እጇን አነሳች፣ ሲመታ መለሰች። ሰዉ ሁሉ "ሰማች፣ ሰማች" አለ። ሼኹ ራሷን ዳሰሷት። እኔ ዓይኔን በጋቢዬ ጠረግሁ፤ ጭስ ነው አልኳቸው።

ሳጂዳ ብቻ ጥግ ላይ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ነበር። ይህች ልጅ ደስታ አታውቅም።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

አስተማሪዋ ተመለሰች። የከበሮውን ነገር ነገርኳት። "ላሳይሽ፣ ተመልከቺ" ብዬ ከዘራዬን ወለሉ ላይ መታሁ። ዩስራ ከጓዳ በር ላይ ሆና ወዲያው ዞረች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምጠራት፤ እንግባባለን። ጉልበቴን ስትመታ ሸንኮራ ትፈልጋለች፣ ጺሜን ስትስብ ወደ ደጅ እንውጣ ማለቷ ነው። ቃል አያስፈልገንም።

ሰርክአዲስ ከኋላዋ ሄዳ አጨበጨበች። ዩስራ አልዞረችም። እንደገና አጨበጨበች።

"ሸንኮራ ይዛለች እኮ" አልኩ። "ልጅ ሸንኮራ ከያዘ ማንን ያያል?"

"አባባ፣ እግሯን አይተዋል? ባዶ ነው።"

"እቤት ውስጥ ጫማ ላስርባት?"

አልሳቀችም። ወደ እኔ ቀረብ ብላ ጮክ አድርጋ፣ ቃሉን እየለየች ተናገረች። እንዲህ ስትናገር ጥሩ አድርጋ ትናገራለች። "በዚህ ዕድሜ ቋንቋ ያልገባለት ልጅ በኋላ ይቸገራል። በጆሮ ካልሆነ በእጅ ይግባላት። በጆሮም በእጅም ካልገባ ግን ዓለሙ ሁሉ ያልፋታል። ያለ እርስዎ ፈቃድ አልወስዳትም። ኢርሻድ ኃላፊው አባቴ ነው ብሏል።"

"እወስዳታለሁ" አልኳት። "ደህና ናት ብለው በጽሑፍ ይስጡኝ፣ ከዚያ ይብቃን።"

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ይህን በንዴት ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢጣመም አይገርምም።

ምርመራው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። መርማሪው ሃምሳ አለቃ ሙሄዲን ይባላል፣ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ። ሌሎች የወታደር ሚስቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በወረፋ ተቀምጠዋል። ዩስራ የጆሮ ማዳመጫውን ስታይ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች።

"መጀመሪያ አያቷ ያድርጉት፣ ካየች አትፈራም" አለ።

አደረግኩት። "ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ" አለኝ። ጠበቅኩ። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ጠበቅኩ።

"ጀምር እንጂ" አልኩት።

"ጀምሬያለሁ፣ አባባ።"

አንድ ጊዜ ግም ያለ ነገር መጣና ጠፋ። ከዚያ ምንም። ልጁ ቁልፉን ይጫናል፣ እኔ እጠብቃለሁ። አወለቅኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ይህ ዕቃ ሞቷል" አልኩት። "አርባ ዓመት በጆሮዬ ነው የኖርኩት። የሞተ ሞተር አውቃለሁ።"

ልጁ በቀስታ የሆነ ነገር አለ፤ አልያዝኩትም። ወደ ሰርክአዲስ አየ። ሰርክአዲስ መስኮቱን አየች።

"አባ፣ ልጅቷ ትሞክረው" አለች ሳጂዳ።

"ሞተሩ በማይነሳ መኪና ላይ ልጅ አልጭንም። በሞተ ዕቃ የኢርሻድን ልጅ ደንቆሮ ልታሰኚ ነው የመጣሽው?" አልኳት። በሰው ፊት። ዩስራን አንስቼ ወጣሁ። ሳጂዳ ከኋላዬ በዝናብ መጣች። 

በመንገድ ላገኘሁት ሁሉ ዕቃው የተበላሸ መሆኑን ተናግሬያለሁ። ሌላው ሰው እንዳይታለል።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ኢርሻድ ደወለ። መስመሩ መጥፎ ነው። ነገርኩት። "አባ፣ እርስዎ ካሉ እሺ" ያለ መሰለኝ። ስልኩን ሳጂዳ ስትወስድ ወደ ጓዳ ገባች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ብዙ አወራች። እሷ ስታወራ መስመሩ ደህና ነው።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ጭጋግ ነው። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል።

ሳጂዳ ምግብ ታቀርባለች፣ አትቀመጥም።

ጓዳ ስገባ ለዩስራ በእጇ የሆነ ነገር ስታሳያት ደረስኩባት። ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ላይ፤ ውሃ ማለት ይሆናል። ዩስራም መለሰችላት። አስተማሪዋ ናት ያሳየቻት። "በእጅ ካወራሽላት ምላሷ ይሰንፋል" አልኳት፣ ከለከልኩ። ሳጂዳ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ እርጥብ ግን አልነበረም።

ዩስራ ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። ውሃ ሰጠኋት። ጠማት እንጂ ሌላ አይደለም።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

መርማሪዎቹ በደሳ ገብተዋል አሉ። ይግቡ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ዛሬ መጻፍ አልችልም። ዩስራ ደህና ናት። ክንዷ ብቻ ነው።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ትናንት ከጁምዓ በኋላ ሳሙና ልንገዛ ወጣን። ያካፋል። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ጋቢዬ ተንሸራተተና እጇን ለቅቄ አስተካከልኩ። የለቀቅኳት ትሰማለች ብዬ ነው። መኪና ሲመጣ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች እኮ።

ማዶ አንድ ፍየል ነበረች። ዩስራ ወደ ፍየሏ ሄደች። ከላይ፣ ከመታጠፊያው፣ አንድ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን በራሱ ተንሸራትቶ ይመጣል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሳየው ደርሷል። ጮህኩ። ስሟን ጮህኩ። ከዘራዬን አስፋልቱ ላይ መታሁ። አልዞረችም። ነጂው መሪውን ጠመዘዘ፣ ባጃጁ በጎኑ ወደቀ፣ ጫፉ ዩስራን ነካት።

ክንዷ ተሰንጥቋል፤ ሆስፒታል ጄሶ አደረጉላት። ቀኝ ክንዷን። ስታለቅስ ድምጿ ይወጣል፣ እንደማንኛውም ልጅ። ይህን አስተማሪዋ ትስማው።

ነጂው ሑዘይፋ የሚባል የሰፈር ልጅ ነው። ፖሊሱ ፊት "ወላሂ፣ ከመታጠፊያው ጀምሬ ጥሩንባ ነፍቻለሁ፣ ሰው ሁሉ ይመስክር" አለ። "ይዋሻል" አልኩ። "እዚያው ቆሜ ነበር። ጥሩንባ አልነፋም።" እዚያው አስፋልቱ ዳር ያለው ባለ ሱቅ ሊናገር ፈልጎ አፉን ያዘ። ለልጁ የሚያደላ ይመስላል።

ለምን ለቀቅኳት? ጋቢ ቢወድቅ ይወድቃል። ጋቢ ይታጠባል።

ሳጂዳ ልጇን ከእጄ ወስዳ ጓዳ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

የሑዘይፋ አባት ሽማግሌ ይዞ ለእርቅ መጣ። በክሪም አለበት። ደጅ ላይ፣ በረንዳው ሥር ተቀመጡ። ዩስራ ጄሶዋን ይዛ ጭኔ ላይ ነች፣ በግራ እጇ ሸንኮራ ትመጥጣለች።

"ልጁ ጥፋቱን ይመን" አልኩ። "ሞተር አጥፍቶ መጣ፤ ይሁን፣ ወጣት ነው። ነገር ግን ጥሩንባ ነፋሁ ብሎ በአላህ ስም መማሉን አልቀበልም። ውሸታም ነው።"

ሑዘይፋ ተነሳ። ዓይኑ ቀልቷል። "አባባ፣ ሞተር ማጥፋቴ ጥፋት ነው፤ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ውሸታም ግን አይበሉኝ። ባጃጁን እዚያው መታጠፊያ ላይ አቁሜ እነፋዋለሁ። ያች ጥሩንባ ትሠራለች አትሠራም፣ እርስዎ ይፍረዱ።"

"ንፋ" አልኩት።

ሄደ። መታጠፊያው ላይ ቆመ። እጁን መሪው ላይ ሲያሳርፍ አየሁ። ጠበቅኩ።

ከአጥሩ ሥር የምትጭር ዶሮ ነበረች። ብድግ ብላ ክንፏን መትታ በረረች። የባለ ሱቁ አህያ ሁለት ጆሮዋን ወደ ላይ አቆመች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ወደ መታጠፊያው አዞሩ። ዩስራ ሸንኮራዋን ትመጥጣለች።

"በል ንፋ እንጂ" አልኩ።

 ሑዘይፋ ከሩቅ እጁን ጥሩንባው ላይ እንዳሳረፈ ነበር። በክሪ አጠገቤ መጥቶ፣ ቀኝ ትከሻዬን ይዞ፣ ቀስ ብሎ "ሙሜ፣ ነፍቶ ነው ያለው" አለኝ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ኖሮ እቆጣ ነበር፣ ቁጣ ደግሞ አውቃለሁ። ዩስራ ፊቴን አየችና ሸንኮራዋን ወደ አፌ አስጠጋች።

እርቁ ወረደ። ምን እንደተባለ አላስታውስም። እሺ ብያለሁ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ከሱብሒ በኋላ ሳጂዳ ሻይ ይዛ መጣች። እንደ ወትሮው አስቀምጣ አልሄደችም። ዞራ በቀኜ በኩል ተቀመጠች፣ ቀረብ ብላ።

"አባ፣ ከዚህ በኩል ብናገር ይሻላል" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"እማማ ሀሊማ። ሳይሞቱ በፊት። 'በቀኙ ተቀመጪ፣ ወፈር አድርገሽ ተናገሪ፣ እሱ ግን እንዳያውቅ' ብለውኛል። 'በጆሮው ነው የሚኮራው፣ አትንኪበት' አሉ።"

ሻዩን ጠጣሁ። ስኳር አልነበረውም፣ ወይም አልቀመስኩትም።

ስንት ዓመት በቀኜ ተቀመጠች። እኔ ፍቅር ነው አልኩ። ፍቅርማ ነው።

ወጣት ሳለሁ በነበረው ጦርነት ስንቅ ጭኜ ስመላለስ መድፍ ከጎኔ ሲተኮስ ግራ ጆሮዬ ለሳምንት ጮኾ ዝም ብሎ ነበር። አለፈ ብዬ ረሳሁት። ከዚያ ወዲህ የሞተሩን ድምፅ በጆሮዬ ነው ወይስ መሪውን በያዘው መዳፌ የምለየው? አይሱዙው ሲመጣ ዩስራ በእግሯ እንደምታውቀው። ከበሮውን በመዳፏ እንደያዘችው። አስተማሪዋ እግሯን አይተዋል ስትለኝ እኔ ስለ ጫማ አወራሁ።

"ሃምሳ አለቃው የት ነው?" አልኳት።

"መቻራ። ሐሙስ ይጨርሱና ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ወዲህ አይመጡም።"

"ልብሷን አዘጋጂ።"

ሳጂዳ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ፤ መቻራ

ትናንት በበክሪ አይሱዙ ተነሳን፤ ቡና ሊጭን ወደዚህ ይመጣ ነበር። ሾፌሩ ልጅ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ ጭቃው ያዘን። ወርጄ ድንጋይ ጎማው ሥር ከተትኩ። "አባባ ይቀመጡ" ቢለኝም አልተቀመጥኩም፤ ጭቃ የማውጣት ነገር አልጠፋኝም። ሳጂዳ ዩስራን አቅፋ ከፊት ነበረች። ዩስራ መዳፏን መኪናው በር ላይ ለጥፋ እስከ መቻራ አላነሳችም። እኔም መዳፌን አጠገቧ አደረግኩ። ኋላ በኩል ጎማው ሲሽከረከር ሁለታችንም አወቅን።

ማደሪያ ያገኘነው ከመርማሪዎቹ ጋር የምትዞረው ሰርክአዲስ ባረፈችበት ነው። ስታየኝ አልገረማትም። "እንኳን ደህና መጡ" አለች፣ በቀኜ በኩል ሆና። እሷም ታውቃለች ማለት ነው። አገሩ ሁሉ አውቆ እኔ ነኝ የቀረሁት።

ዛሬ ጠዋት ሃምሳ አለቃው ጠረጴዛውን ዘርግቶ ነበር። ያው ዕቃ ነው። ዩስራን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፣ ማዳመጫውን ራሴ አደረግኩላት። ረጅም ጊዜ ፈጀ። አሻንጉሊት እየሰጠ፣ እየቀማ፣ ዓይኗን እያየ። ሲጨርስ በቀኜ መጥቶ ተናገረ፦ ወፍራም ድምፅ ትንሽ ትንሽ ይደርሳታል፣ የሰው ንግግር ግን አይደርሳትም። ስትወለድ ጀምሮ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ሳጂዳ ራሷን ነቀነቀች። ለእሷ አዲስ አይደለም።

"ጆሮ ላይ የሚደረገው መሣሪያስ?" አለችው።

"የዚህ ዙር ተሰጥቶ አልቋል" አለ ሙሄዲን። "ጭሮና በደሳ ለተመረመሩት ነው የታደለው። የሚቀጥለው በጥር ነው። መሣሪያው ሁሉን አይሰጣትም፣ ግን ትንሽ ያግዛታል።"

"ጭሮ ላይ ተመርምራ ቢሆን ኖሮ?" አልኩት።

ልጁ ጨዋ ነው። ማዳመጫውን ማጽዳት ጀመረ።

ሰርክአዲስን ስለ ክፍሉ ጠየቅኳት። ቦታው ሞልቷል ትለኛለች ብዬ ነበር። "የዩስራን ቦታ አልሰጠሁም" አለች። "ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ልጅቷ እኔ ጋ ተምራ ቤት ስትገባ የሚያናግራት ከሌለ ዋጋ የለውም። ሳጂዳ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ትውላለች። ማን ከእሷ ጋር ይማራል?"

"እኔ ፊደል ያወቅኩት በስንት መከራ ነው።"

"ይሄኛው በእጅ ነው። መሪ የያዘ እጅ አይከብደውም።"

እሺ አልኳት። ምን እላለሁ?

ልንወጣ ስንል ሙሄዲን ወንበሩን አሳየኝ። "አባባ፣ እርስዎም ይቀመጡ።" ተቀመጥኩ። ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ እጄን አነሳሁ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ጣቱ ግን እየተጫነ ነበር፣ አየሁት። ዕቃው ሞቷል አላልኩም። ዩስራ ከእናቷ ጭን ሆና እጄን ታየኛለች። ባላነሳሁት ቁጥር እሷ ግራ እጇን ታነሳልኛለች።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ሰርክአዲስ ቀድማ ማስተማር ጀመረች፣ ክፍሉ እስኪከፈት እቤት እየመጣች። ውሃ፣ ዳቦ፣ እናት፣ አያት፣ ና፣ ቁም። ቁም የሚለውን አስደግሜ አስደግሜ ተማርኩ።

ጣቴ ደንዳና ነው፣ አይታጠፍም። ዩስራ በአንድ እጇ ታርመኛለች። የጄሶው እጅ ገና አልተፈታም፤ ለማውራት የምትፈልገውን እጅ ነው ያሰርኩባት።

በክሪ መጣና ሁለታችንን አየ። "አጂብ ነው፣ ሙሜ ዝም ያለበትን ቤት አየሁ" አለ። ዩስራ ወደ እሱ ጠቁማ በእጇ የመኪና መሪ ጠመዘዘች። አይሱዙ የሚያመጣው ሰውዬ ማለቷ ነው። በክሪ ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ደግማ እንድትጠራው ጠየቀኝ።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ጄሶው ተፈታ። ክንዷ ቀጥኗል። ቁም አልኳት በእጄ፣ አስፋልቱ ዳር። ቆመች። እጄን ያዘች። የጎማው ነፋስ ሁለታችንን መታን። ለረጅም ጊዜ ሳንሻገር ቆየን።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ነገ መውሊድ ነው። ለበዓል ሰው ዕዳውን ያስባል። የእኔን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ሰው አይከፍልልኝም፣ ውክልናም አልሰጥም።

ለሑዘይፋ፦ በሽማግሌ ፊት ውሸታም ብዬዋለሁ። በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት እውነተኛ ነው እላለሁ። ሞተር ስለ ማጥፋቱ ግን እቆጣዋለሁ፣ ያ የራሱ ዕዳ ነው።

ለሃምሳ አለቃ ሙሄዲን፦ ዕቃው ሞቷል ያልኳቸውን ሰዎች አስታውሳለሁ። የቀረ ካለም በክሪ ያስታውሰኛል። ዕቃው ደህና ነበር ብዬ ለእያንዳንዳቸው እነግራለሁ። ሙሜ ቃሉን አጠፈ ይበሉ። ልጁን ያመጣ አንድ ሰው በእኔ ወሬ ተመልሶ ከሆነ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ።

ለሳጂዳ፦ በሰው ፊት የተናገርኩት በሰው ፊት ይነሳል። ነገ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ። ያን ቀን ከኋላዬ በዝናብ የመጣችበትን መንገድ ግን በምን እንደምከፍል አላውቅም። ለጊዜው ጠዋት ጠዋት ዩስራን ይዤ ክፍል እሄዳለሁ፤ እሷ ሱቋን ትክፈት።

ለሀሊማ፦ መቃብሯ ጋ ሄጄ እሷ በቀኜ እንድትሆን አድርጌ ተቀመጥኩ። ይህ ክፍያ አይደለም፣ መጀመሪያው ነው።

ለዩስራ፦ እስከ ጥር ያለው ጊዜ። የወሰድኩባት እሱን ነው። በአንድ ጊዜ የሚከፈል አይደለም። በየቀኑ ቃል በቃል፣ ጣቴ እስኪታጠፍ።

ለኢርሻድ፦ እርስዎ ካሉ እሺ ብሎኝ ነበር። ነገ ለበዓሉ ይደውላል። ሳጂዳ ልንገረው ብላለች፤ አይሆንም አልኳት። ስልኩን በቀኝ ጆሮዬ እይዛለሁ። መስመሩ ድሮም ደህና ነበር፣ ልጄ፣ ያልሰማሁህ እኔ ነኝ ብዬ እጀምራለሁ።